እልልታው ሦስት ላይ ሲቆም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። 64 ዓመቴ ነው። የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ከስድስት ሳምንት በፊት ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ሦስተኛዋም ሴት ናት። አራስ ልጠይቅ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዤ ሄድኩ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ለሴት ሦስት ነውና ሦስት ብዬ አቆምኩ። እናቴም አያቴም እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት። ምራቴ ቀና ብላ አየችኝና ገባች። ከዚያ ወዲህ አፍ አውጥታ አታናግረኝም። ላጽናናት ብዬ "አይዞሽ፣ እግዜር ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ" ብላት ጭራሽ አለቀሰች። ሳምንት ሳልሞላ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ክፉ ነገር የተናገርኩ አይመስለኝም። የልጅ ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። ለኔም ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። አንዷ ቤሩት ናት፤ ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችልኝ እሷ ናት። ግን ወንድ ልጅ የቤት ምሰሶ ነው ሲባል ነው ያደግሁት። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ልወጣ ስል ትልቋ የልጅ ልጄ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ "እምዬ፣ እኔ ስወለድም ሦስት ነበር ያልሽው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው? ምን ላድርግ?

የሦስት ሴቶች ልጆች አያት

መልስ

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ደብዳቤውን ለጻፈችልዎ ልጅም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ለዚህ ዓምድ ስለ አማቶቻቸው የሚጽፉ ምራቶች ብዙ ናቸው። "ጥፋቴ ምንድን ነው?" ብላ የምትጠይቅ አማት ግን እምብዛም አትገጥመኝም። ስለዚህ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴ ረዘም ይላል፤ ልጅቷ ጊዜ ስታገኝ ታንብብልዎ።

እኔ ለእናቴ አራተኛ ሴት ልጅ ነኝ። የተወለድኩ ቀን አባቴ "ምን ተወለደ?" ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው ጋቢውን ደርቦ ወጣና እስከ ማታ አልተመለሰም። ይህን እናቴ የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጫማዬን አሥሮ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረው እሱ ነው። ሲሞት እጁን ይዤው ነበር። ቢሆንም ያን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ያቺን ቀን አስባታለሁ። ለእናቴ ምን ያህል ረዝማባት ይሆን? ስለዚህ ምራትዎን ሳላያት የማውቃት ይመስለኛል።

አሁን ወደ እልልታው። በድሮው አገር እልልታ ዜና ነበር። ስልክ የለ፣ መኪና የለ። ማዶ ያለው ዘመድ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ሰባት ከሰማ ወንድ፣ ሦስት ከሰማ ሴት። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለወንድ ማብዛት፣ ለሴት መቀነስ ግን በብዙ ቦታ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሴት መሆኗን በስልክ ሰምቶ ጨርሷል። እንዲያውም ከመወለዷ በፊት ያወቀ አይጠፋም። ስለዚህ የእርስዎ ሦስት እልልታ ለማንም የሚያደርሰው ወሬ አልነበረውም። የተሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዚህች ልጅ የተመደበላት ደስታ እዚህ ላይ ያበቃል የሚል። ምራትዎ ከነሕመሟ ቆማ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አራተኛውን ጠበቀች። አልመጣም።

ጥፋትዎ ይህ ነው። ሆነ ብለው እንዳላደረጉት አምናለሁ። ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን አብረን እንየው። የመጣበት ምክንያት ሲታወቅ መተዉ ይቀላል።

በደጋው አገር በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ነው። ይህ አንድ ነገር ብዙ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ባሏ የሞተባት፣ ወንድ ልጅ የሌላት ሴት መሬት ቢኖራትም የሚያርስላት ሰው መፈለግ አለባት። እኩል አራሽ ታስገባለች፤ የምርቷ ግማሽ ይሄዳል። ድንበር የሚገፋ ጎረቤት ሲነሣ ዳኛ ፊት የሚቆምላት ያስፈልጋታል። ደም መቃባት ሲመጣ የሚፈለገውም የሚፈራውም ወንድ ነው። ንጉሥ ክተት ሲል ሴቶቹም ስንቅ ተሸክመው ይዘምቱ ነበር፤ ሠራዊት ተብሎ የሚቆጠረው ግን ወንዱ ነው። እንግዲህ በዚያ ኑሮ ውስጥ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ያሉት ሴቶች የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። ፍርሃታቸው ቀለል ሲልላቸው ነው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት። አልፈርድባቸውም።

የሴት ልጅ ሥራ ግን ከቁጥር አልገባም። ወፍጮው፣ ውሃው፣ እንጨቱ፣ አረሙ፣ ፈትሉ፣ ጠላው። ሌሊት ተነሥታ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ የምታድረው ልጅ ያንን ቤት አቁማዋለች። ምሰሶ የሚለውን ስም የወሰደው ሌላ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅዎትም።

ሌላው ነገር ጋብቻው ነው። "ሴት ልጅ የሰው ናት" ይባላል። እርስዎ ሲዳሩ ስንት ዓመትዎ እንደነበር አልጻፉልኝም። በእናቶቻችን ዘመን በጎጃም በአሥር በአሥራ ሁለት ዓመት መዳር የተለመደ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ይል ነበር፤ አገሬው ግን ሕጉን አልሰማውም። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ጥርሷን ሳትነቅል ለሰው ቤት የምትታጭ ልጅ ስትወለድ፣ ወላጆቿ ለመለየት ልባቸውን ከወዲሁ ያዘጋጃሉ። ብዙ እንዳይወዱ ራሳቸውን ይይዛሉ። እልልታውን ያሳጠረው አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ግን እማማ፣ ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ርስትን ያስታውሱታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እርስዎ ገና ልጅ ነበሩ፤ ቢሆንም የሽማግሌዎቹን ሙግት ሳይሰሙ አላደጉም። በጎጃምም በጎንደርም ርስት የሚወርደው በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። በእናትም ይወርዳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሞቿ የርስት መብት ነበራት። ሰው ከሩቅ ወረዳ መጥቶ "በእናቴ የእገሌ ዘር ነኝ" ብሎ ይሟገታል። ትውልዱን ወደ ላይ ይቆጥራል። ከረታ መሬት ያገኛል። እስቲ ያስቡት፤ ቆጠራው መሀል ላይ አንዲት ሴት አለች። እሷ ከሌለች ሐረጉ ይበጠሳል፣ መሬቱም ይቀራል። ስትወለድ ሦስት እልልታ የተባለላት ሴት ናት።

በተግባር ነገሩ እንደ መብቱ አልነበረም። ሴቷ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ ድርሻዋን የሚያርሱት ወንድሞቿ ናቸው። ስትጠይቅ ይቆጣሉ። ብዙዎቹ ለወንድማቸው ፍቅር ብለው ዝም ይሉ ነበር። ልጆቻቸው አድገው ነው በእናታቸው ስም የሚነሡት። ደርግ መሬቱን ያለ ጾታ ልዩነት ለሚያርስ ሁሉ ቢልም፣ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። እርስዎም ሣጥን ውስጥ አንድ ደብተር አለ ብዬ እገምታለሁ። አውጥተው ይዩት።

ስምስ? ወንድ ልጅ ስም ያስጠራል ይባላል። በብዙ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ጥላ የባሏን ትይዛለች። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ሴት ልጅ ብታገባ፣ ብትወልድ፣ አያት ብትሆን እስክትቀበር ድረስ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። የልጅዎ ስም በሦስት ሴቶች ልጆቹ ዕድሜ ሙሉ ይጠራል። ይህን ለልጅዎ ይንገሩልኝ፤ አስቦት የሚያውቅ አይመስለኝም።

አጼ ምኒልክ እንኳ አልጋቸውን የሚያወርሱት ወንድ ልጅ ሳይኖራቸው ነው የሞቱት። አልጋው በሴት ልጃቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል ወደ ልጅ ኢያሱ ሄደ። ኢያሱ ሲሻሩ ደግሞ ወደ ሌላዋ ሴት ልጃቸው መጣ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ጫኑ። እስከ 1922 ዓ.ም. በዚያው ቆዩ። እርግጥ ለመንገሥ ሲሉ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደርጓል። ወንድ ሲነግሥ ሚስትህን ተው ያለው የለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ አልጋው ለወንድ ብቻ ነው ብሎ በጽሑፍ ዘጋው። ታሪካችን በዚህ ነገር አንድ ቀለም የለውም። ሴት ልጅን ያወጣታል፣ መልሶ ያወርዳታል። "የአባቶቻችን ወግ" ስንል የትኛውን ወግ እንደያዝን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

እርስዎ የሚያሳስብዎ የሃይማኖቱ ነገር እንደሆነ እገምታለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ብዙ ሰው ይህን ሴት ስለምታንስ ነው ብሎ ያስባል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን ተቆጥሮላታል። መጽሐፈ ኩፋሌ ምክንያቱን ይናገራል፤ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በተፈጠረች በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። የገቡት ግን እዚያው ገነት ነው። ጥምቀቱ አንድ ነው። ሜሮኑ አንድ ነው። ማተቡ አንድ ነው። ለሴት ተብሎ የሚቀነስ ሜሮን አይተው ያውቃሉ? ለሴት ሦስት እልልታ የሚል ትእዛዝ ደግሞ የትም አልተጻፈም። እሱ የአገር ልማድ ነው። የአገር ልማድን ደግሞ የአገር ሰው ማሻሻል ይችላል።

የክርስትና ስሙንም ልብ ይበሉልኝ። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ እንላለን። ወንዱ ብዙ ጊዜ "ገብረ" ይባላል፤ አገልጋይ ማለት ነው። "ወለተ" ግን "ሴት ልጅ" ማለት ነው። ካህኑ በ80 ቀኗ ያቺን ሕፃን ሲጠራት ሴት ልጅነቷን ራሱን የክብር ስም አድርጎ ነው የሚሰጣት። እኔ ይህን የተረዳሁት ሠላሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። የክርስትና ስሜ ወለተ ሐና ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "የሐና ሴት ልጅ" እየተባልኩ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሐና ካልኩ አይቀር፣ ግንቦት ልደታን ያስቡ። ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ ኖሩ። ሰው ናቃቸው። ልጅ ብትሰጠን ለቤትህ እንሰጣለን ብለው ተሳሉ። የተሰጠቻቸው ሴት ልጅ ናት። እኛም ግንቦት 1 ቀን ከቤት ወጥተን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን፣ ዳቦ ቆርሰን ያቺን ልደት እናከብራለን። በሊባኖስ ተራራ ሥር፣ በሜዳ ስለተወለደች ነው በደጅ የምናከብረው ይላሉ እናቶቻችን። እርስዎም በየዓመቱ እዚያ ዛፍ ሥር ከጎረቤትዎ ጋር ተቀምጠዋል። እልል ብለዋል። ስንት ጊዜ ነው ያሉት? ቆጥረው ያውቃሉ?

ማንም አይቆጥርም። በዓመት አንዴ አገሩ በሙሉ ለሴት ልጅ መወለድ ጉሮሮው እስኪደርቅ እልል ይላል። በማግስቱ ጎረቤት ሴት ልጅ ስትወለድ ደግሞ ሦስት ላይ ይቆማል። እኔም ራሴ በዚህ መካከል አድጌ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ነው የመጣልኝ።

አሁን አንድ ሌላ ነገር። "እግዜር ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ" ያሏት ነገር ከእልልታው የባሰ ጎድቷታል ብዬ አስባለሁ። ሦስት ሴት የወለደች እናት ይህን ከመንገደኛው ሁሉ ነው የምትሰማው። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ እያለች ስለሚቀጥለው ልጅ ይወራላታል። ደግሞ ጥፋቱ የእሷ የሆነ ይመስላታል። አይደለም። የሕፃኑን ጾታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። ይህ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጥንዚዛ ላይ ስታጠና ነው ያገኘችው። በዚያው ዓመት ሌላም ተመራማሪ ወደዚያው ደርሷል። አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም፤ እንደ ዕጣ ነው። ሦስት ልጅ ካላቸው ስምንት ቤተሰቦች አንዱ ገደማ ሦስቱም ሴት ይሆኑበታል። ይህ ቁጣም ቅጣትም አይደለም። ስንቶቹ ሴቶች ወንድ ልጅ አልወለድሽም ተብለው እንደተፈቱ፣ ጣውንት እንደመጣባቸው ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አመለካከት አይለወጥም የሚል ካለ ደቡብ ኮሪያን አነሣለታለሁ። በተፈጥሮ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። እዚያ ግን በ1990 ገደማ፣ በአውሮፓውያኑ ማለቴ ነው፣ ለ100 ሴቶች 116 ወንዶች ይወለዱ ነበር። ሰዎች በአልትራሳውንድ ጾታውን እያዩ ሴት ከሆነች ፅንሱን ያስወርዱ ነበር። መንግሥት ሐኪሞች ጾታውን እንዳይናገሩ በ1987 በሕግ ከልክሏል። ከሃያ ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰ። በ2024 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያንን ክልከላ አነሣው፤ ወንድ ልጅን የመምረጡ ነገር ስለደከመ ሕጉ አያስፈልግም ብሎ። አንድ ትውልድ በቃ። እኛ እንደዚያ ያለ ነገር ውስጥ አልገባንም፤ ተመስገን ነው። የእኛ ችግር ያለው በር ላይ፣ ሦስትና ሰባት መካከል ነው።

ከደብዳቤዎ ግን አንድ ነገር ልመልስልዎ። ወንድ ልጅ የቤት ምሰሶ ነው ብለው ጽፈዋል። ከዚያው በላይ ባለው መስመር ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰችልዎ ቤሩት ያለችው ልጅዎ መሆኗን ጽፈዋል። በጎጃምም በወሎም ስንት ጣሪያ ነው በዓረብ አገር ባሉ ሴቶች ልጆች ላብ የተሠራው። በሰው ቤት እያደሩ፣ እንቅልፋቸውን አጥተው፣ የእናታቸው ቤት እንዳያፈስ። ለሷ ስትወለድ ስንት ነበር የተባለላት? ስትደውል ይህንን አያንሡባት፤ እርስዎ ግን ለራስዎ ይመልሱት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሽማግሌ አይላኩ። ነገሩ የእርስዎና የምራትዎ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ክስ ይመስላል። እኔ የጻፍኩትን ታሪክም አይተርኩላት። ርስትና ኩፋሌ ለእርስዎ ነው እንጂ ለአራስ አይደለም። ደውለው ስሟን ጠርተው "ልጄ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ልጆችሽ ለኔ ሙሉ ደስታዬ ናቸው" ይበሏት። "ግን" የምትል ቃል አይጨምሩ። "ወጉ ስለሆነ ነው" አይበሉ። አማት ምራቷን ይቅርታ ስትጠይቅ እኛ አገር ብዙም አልተለመደም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዝም ልትል ትችላለች። ዝም ብትል አይቀየሟት። ስለ ቀጣይ ልጅ ደግሞ ከእንግዲህ አይናገሩ፤ እሷ ራሷ ካላነሣችው በስተቀር።

ልጅዎን ለብቻው ያግኙት። ደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቃል ሲናገር አላየሁትም። እልልታው ሲቆም የት ነበር? ሚስቱ ስታለቅስ ምን አለ? የአባት ዝምታ ብዙ ነገር ይናገራል፤ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የእርስዎን ቃል የሚሰማ ልጅ ከሆነ ሚስቱን አይዞሽ እንዲል፣ ሕፃኗንም እንዲታቀፍ ይንገሩት። እናቱ ስትነግረው ይለያል።

ደግሞ እንዲህም ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴቶች ላይ ከባድ ድብርት ይመጣል። አማት ምንም ባታጠፋም ይመጣል። ስድስት ሳምንት ሙሉ የምታለቅስ፣ እንቅልፍ የምታጣ፣ ምግብ የሚያስጠላት፣ ሕፃኗን ማየት የሚከብዳት ከሆነ ባሏ ጤና ተቋም ይውሰዳት። ይታከማል። "አራስ ናት፣ ያልፍላታል" ተብሎ መተው የለበትም።

ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው አልፎ ነበር። ሴት ስለሆነች ግን 80 ቀኗ እስኪሞላ አንድ ወር ያህል ቀርቶታል። ይህ ጊዜ የእርስዎ ነው። አስቀድመው ደውለው "ልምጣ ወይ?" ብለው ይጠይቋት፤ ቤቱ የእሷ ነው። የክርስትና እናቷንም እሷ ትምረጥ። ይምጡ የሚል ቃል ካገኙ ቅቤዎን ይዘው ይሂዱ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያው በር ላይ ይቁሙ። እልል ይበሉ፤ ሦስት ላይ ሲደርሱ አይቁሙ። ሰባትም ላይ አይቁሙ። ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ይበሉ፤ እንደ ልደታ።

ትልቋ ልጅ የጠየቀችዎትን ደግሞ እውነቱን ይንገሯት። የሰባት ዓመት ልጅ ትቆጥራለች፣ ትይዛለችም። "አዎ፣ ለአንቺም ሦስት ነበር ያልኩት። ያኔ አላወቅኩም ነበር። የቀረብሽ አለ" ይበሏት። ከዚያ ጠጋ አድርገው የቀረባትን ይበሉላት፤ ለመካከለኛዋም እንዲሁ። ሌላ ሰው ባይሰማም ግድ የለም።

ክርስትናውን ግን አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ይደውሉ። መጀመሪያ እናቲቱን ያናግሩ። ሲጨርሱ "እስቲ ስልኩን ለትልቋ ስጪልኝ" ይበሏት።